ስኳሬ፣ ዓይኔና የአቶ በራሶ ሱሪ

ሰው ጥርሱን ሲያመው ይጮኻል፤ ሆዱን ሲያመው ይጠቀለላል። ዓይን ግን ጨዋ ነው። ሊሄድ ሲነሳ እንኳ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ነው የሚወጣው። ይህን የነገረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ሱሪ ነው። «ሱሪ ደግሞ ምን ያውቃል?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ ከዚያ ሱሪ የተማርኩትን ያህል ከቄስ ትምህርት ቤት አልተማርኩም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ በነበሩበት በዚያ ዘመን፣ ዲላ ከተማ ውስጥ በአውራ ጎዳናው ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። አገሩ የዛሬው ጌዴኦ ነው፤ ያኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ ደራሳ አውራጃ ይባል ነበር። በከተማው ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ ኮት የምንሰፋ ግን ከሦስት አንበልጥም፤ ከሦስታችንም አንደኛው እኔ ነኝ። ይህን የምለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ቢሆንም ለሃያ ዓመት ደጋግሜ ስለተናገርኩት ወደ እውነትነት ተጠግቶ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በመርፌ ነው። ክሩን በምራቄ አርሼ፣ ጫፉን በጣቴ አሹዬ፣ ወደ መርፌው ቀዳዳ ስሰደው በስተቀኝ ያልፋል። ደግሜ ስሰደው በስተግራ። መስፋት ያቃተው ልብስ ሰፊ ክሩን ይረግማልና እኔም ክሩን ረገምኩ፤ ቀየርኩትም። ቀጥሎ መርፌውን ቀየርኩ። ቀጥሎ «የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳው ጠቧል» የሚል ወሬ ራሴ ፈጥሬ ራሴ አመንኩት። ወንበሬን ከግድግዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ በረንዳው እያስጠጋሁ ብርሃን ስከተል፣ አንድ ቀን ባለቤቴ አስካለ ምሳ ይዛልኝ መጣችና ቆም ብላ አየችኝ።

«ትንሽ ከገፋህበት መኪና መንገዱ ላይ ነው የምትሰፋው» አለችኝ።

«ሱቁ ጨልሟል» አልኳት።

«ሱቁ አምና ከነበረበት አልተነቃነቀም።»

ሌላም ምልክት ነበር። ውሃ ይጠማኛል። እንዲያው መጠማት አይደለም፤ እንስራ ባይ ከነአፉ የምውጠው ይመስለኛል። የጠጣሁትን ያህል ደግሞ እወጣለሁ፤ እገባለሁ። ከሳሁም። የራሴን ሱሪ ወገብ ሦስት ጊዜ አጠበብኩት፤ የሰው ወገብ በክር የምለካ ሰውዬ፣ የራሴ ወገብ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከጓሮ፣ ሽንቴን የምሸናበት አጥር ሥር፣ ጉንዳን ሰፈረ። አመድ ነሰነስኩበት። ተመልሶ መጣ። በርበሬ ሞከርኩ። ጉንዳኑ እኔ ያላወቅሁትን አውቆ ነበር የመጣው፤ እኔ ግን በየቀኑ ድግስ ደግሼ እየጠራሁት «ይህ ጉንዳን ምን ያህል ደፋር ነው» እያልኩ ለጎረቤት እከስሰው ነበር። ሻይ ስጠጣ አራት ማንኪያ ስኳር አደርግ እንደነበርም እዚሁ ላይ ልናዘዝ። ማርማ የጌዴኦ ማር ነው፤ ስለ እሱ ባልናገር ይሻላል፤ ዛሬም ሳስበው ምራቄ ይሞላል።

አሁን ወደ ሱሪው።

አቶ በራሶ የኮንጋ ሰው ናቸው፤ ኮንጋ ይርጋ ጨፌ አጠገብ ያለ የቡና አገር ነው። ቁመታቸው ረዥም፣ አነጋገራቸው ለስላሳ፣ ስድሳ የተጠጉ ገበሬ ናቸው። አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው። ለአውራጃ ገዢውም፣ ለእኔም፣ ለበቅሏቸውም «አንተ» ይላሉ፤ ሴቱንም ወንዱንም በወንድ አንቀጽ ይጠሩታል። ይህን ለመሳቅ አላነሳሁትም፤ የእኔን ጌዴኦኛ የሰማ ሰው የእሳቸውን አማርኛ እንደ ቅኔ ያደንቀዋል። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና ጥቁር ሱፍ ጨርቅ ይዘው መጥተው ልካቸውን ሰጡኝ። በዚያው ሳምንት የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ጸጋዬ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ አመጡ። ሁለቱ ጨርቆች ጥላ ውስጥ ሲያዩዋቸው ወንድማማች ናቸው፤ ለእኔ ዓይን መንታ ሆኑ። ሁለቱን ሱሪዎች ባንድ ቀን፣ ባንድ ጠረጴዛ ላይ ቀደድኳቸው። አቶ በራሶ ሊወስዱ ሲመጡ ሱቁ ውስጥ ለኩት፤ ወገቡ ልክ፣ ርዝመቱ ልክ። «ጥሩ ነው» ብለው አጥፈው ሄዱ። እኔም በራሴ ኮርቼ አምስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ጠጣሁ።

ለሠርጉ እኔና አስካለ ተጠራን። በቡና መኪና ላይ ተጭነን ኮንጋ ስንደርስ፣ ጠዋት የዘነበው አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። ሰው ከጸሎት ቤቱ ደጅ ቆሞ ሙሽራዋን ይጠብቃል። አቶ በራሶ የልጃቸውን እጅ ይዘው ከወዲያ ብቅ አሉ። እኔ ሱሪው ወገባቸው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ለማየት ዓይኔን አጠበብኩ። አስካለ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«የእኚህ ሰውዬ እግሮች ለምን አይስማሙም?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አንደኛው ጥቁር ነው። አንደኛው ሰማያዊ ነው።»

እኔ ጥላ ነው አልኳት። እሷም «ጥላ አብሮ አይራመድም» አለችኝ። ከዚያ ሰው ሁሉ ማየት ጀመረ፤ ከዚያ ልጆች መሳቅ ጀመሩ። በዚህ መሀል ነው አቶ ጸጋዬ፣ የክብር እንግዳ ስለሆኑ ዘግየት ብለው፣ ሱሪውን በጨለማ ቤታቸው ተቻኩለው ለብሰው፣ ተፍ ተፍ እያሉ የደረሱት። የእሳቸው ቀኝ ሰማያዊ ነው፤ ግራቸው ጥቁር። ፎቶግራፍ አንሺው ምንም ሳይገባው ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አቆማቸው። ቢቻልና መሀል ለመሀል ቢከፈሉ፣ ሁለት የተሟላ ሰው ይወጣቸው ነበር።

አቶ ጸጋዬ ወደ ታች አዩ፤ ወደ ጎን አዩ፤ ከዚያ እኔን ፈለጉኝ። እኔ አስካለ ኋላ ነበርኩ። የተናገሩትን አልጽፈውም፤ ፍርድ ቤት የሚውል ሰው ክስ ሲደረድር ያውቅበታል። አቶ በራሶ ግን ጎንበስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ጉልበታቸው አስጠግተው፣ ሱሪያቸውን ለረዥም ጊዜ ተመለከቱት። ቀና ሲሉ እየሳቁ ነበር። ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና እጄን ያዙኝ። ሊመቱኝ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ፤ ይገባኝ ነበር።

«አንተ ውሃ ምን ያህል ትጠጣለህ?» አሉኝ።

ሰውዬው የሠርግ ሱሪያቸውን ያበላሸባቸውን ልብስ ሰፊ ስለ ውሃ ሲጠይቁ ምን ይባላል? «ብዙ» አልኩ።

«ትሸናለህ?»

«ብዙ።»

«ከስተሃል። አየሁ። አምና እንዲህ አልነበርክም።» ከዚያ ከሰው ራቅ ወዳለ አንድ ዛፍ ሥር ወሰዱኝና፣ ሙሽራዋ እየጠበቀች፣ እንዲህ አሉኝ። «እናቴ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ውሃ ጠጣ። ቀጥሎ ከሳ። ቀጥሎ ቡና ሲለቅም ቀዩንና አረንጓዴውን አንድ ቅርጫት ውስጥ ይከታል። እኛ ሳቅን። አረጀ አልን። እሱም ሳቀ፤ አላመመውም። አንድ ጠዋት ተነሳና ‹ዛሬ ለምን አልነጋም?› አለ። ፀሐይ ወጥቶ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሠርጉ ዘፈን በጆሮዬ አልገባም። አቶ በራሶ በዚያው ሱሪ እንግዳቸውን ሲያስተናግዱ፣ ሰውም አብሯቸው ሲስቅ ዋለ። እኔ ብቻ ሳልስቅ ዋልኩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሱቄ ድረስ መጥተው በክንዴ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዱኝ። እምቢ እንዳልል የሁለት ቀለም ሱሪው ዕዳ ነበረብኝ። በጤና ጣቢያው ድሬሰር ግርማ የሚባል፣ ሙያው የሐኪም ረዳት ሆኖ ከተማው በሙሉ ዶክተር የሚለው፣ ፈገግታ የማያበዛ ጎልማሳ አለ። ሽንቴን በብርጭቆ ተቀበለኝ፤ ሰማያዊ መድኃኒት ጨመረበትና በአልኮል ኩራዝ ላይ አፈላው። እኔ ግድግዳው ላይ ካለው ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴው ቢጫ ሆነ። ቢጫው ቀልቶ እንደ ጡብ ሆነ።

«ደስ የሚል ቀለም ነው» አልኩ። የጨርቅ ሰው ነኝ፤ ሌላ ምን ልበል።

«ጋሼ፣ ሰማያዊ ሆኖ ቢቀር ነበር ደስ የሚለው» አለኝ ድሬሰር ግርማ። «ይህ የስኳር በሽታ ነው። አይድንም፤ ግን ይገራል። ካልተገራ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ እግርን እያሳሳቀ የሚወስድ ነው። ይህን ክኒን ጠዋት ማታ ይውሰዱ። ስኳር፣ ማር፣ ብርዝ፣ ጠጅ ከዛሬ ጀምሮ የለም። ከሁለት ወር በኋላ ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ይመጣል፤ ዓይንዎን ያየዋል። እስከዚያ ድረስ መነጽር እንዳይገዙ።»

እንግዲህ ሰው ከአራት ትእዛዝ ሦስቱን ሊረሳ ይችላል። እኔ ሦስቱን አስታውሼ፣ አንዷን፣ የመጨረሻይቱን፣ ረሳኋት። ረሳኋት ስል ዋሸሁ፤ አልወደድኳትም።

ቤት እንደገባን አስካለ የማሩን ገንቦ ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። እኔ ሳልደርስ ወሬው ሻይ ቤት ደርሶ ኖሮ፣ ባለ ሻይ ቤቷ አፌን ሳልከፍት ነጭ ውሃ የመሰለ ሻይ ታስቀምጥልኛለች። ጎረቤቶቼ ሁሉ ዘበኛ ሆኑ። ልደት ቤት ሄጄ ዳቦ ከነማሩ ሲዞር ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ «ለእሳቸው አይሰጥም» ይላል። ጾም እንኳ ፋሲካ አለው፤ የእኔ ጾም ግን ፋሲካውን ማን እንደበላው አልታወቀም።

በዚህ ሐዘን ላይ ሳለሁ አንድ ሱቅ በደረቴ በሱቄ ደጅ አለፈ። ማበጠሪያ፣ ምላጭ፣ መስተዋት፣ መነጽር አንገቱ ላይ ባንጠለጠለው ሣጥን ይዟል። አንዱን መነጽር ባደርግ ጭጋግ ነው፤ ሁለተኛውን ባደርግ ዲላ በአናቷ ቆመች፤ ሦስተኛውን ባደርግ ማዶ ያለው የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ ቁልጭ ብሎ ተነበበ። ወሰድኩት። መርፌዬም ቀዳዳዋን መለሰች። በጎዳናው ላይ መነጽሬን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ስሄድ፣ የአውራጃው ፀሐፊ የመሰልኳቸው ሰዎች ቆብ አንስተውልኛል። ድሬሰር ግርማን ሳይ ግን ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፤ በዚያው መነጽር ዓለም ተመልሳ ጭጋግ ለበሰች። ክር ሁለት ይሆናል፤ ቁልፍ ሁለት ይሆናል፤ አስካለም ሁለት ትሆናለች፤ አንዷም ትበቃኝ ነበር። ነገሩን መረመርኩት። ምን ተለወጠ? ስኳሩ ገና ከሰውነቴ ሳይወጣ በመነጽሩ አይ ነበር። ከስኳር ርቄ ክኒን ስውጥ ከሰነበትኩ ወዲህ አላይም። ስለዚህ ክኒኑ ዓይኔን እየበላው ነው። ይህን ፍርድ ያለ ጠበቃ፣ ያለ ምስክር፣ በራሴ ችሎት ሰጠሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ክኒኑን አስካለ ፊት አፌ ውስጥ እከትና፣ ሱቅ ስደርስ ከምላሴ ሥር አውጥቼ የቁልፍ ጣሳ ውስጥ እጥለዋለሁ። ዓይኔን ለማሻርም፣ ከአንድ ደንበኛ ትንሽ ማር ለምኜ በጣሳ አድርጌ፣ ማንም እንዳይጠረጥር ከስፌት መኪናዬ የዘይት ጣሳ አጠገብ ደበቅሁት።

እናንተ ዓይናችሁ የሚያይ ሰዎች፣ መጨረሻውን ከእኔ ቀድማችሁ አይታችሁታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ሲጢጥ ስትል ዘይት ላጠጣት ተነሳሁ፤ እኔም ማሬን ልቀምስ ጓጓሁ። ለእሷ ማር ሰጠኋት፤ እኔ ዘይት ጠጣሁ። የማሽን ዘይት ጣዕሙን አልነግራችሁም፤ እስኪመሽ ድረስ ስናገር ምላሴ ያንሸራትተኝ ነበር። መኪናዋ ግን ከእኔ ይልቅ ተጎዳች። ሦስት ስፌት ያህል ሄደችና መርፌዋ እንደተነቀነቀች ደርቃ ቀረች። ቀጥሎ ዝንቡ መጣ፤ ከዝንቡ በኋላ ንቡ። ያልተሰፋው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሁሉ ንብ ሰፈረበት።

አስካለን አስጠራኋት። ሙቅ ውሃና ጨርቅ ይዛ መጣችና መኪናዋን ብረት በብረት ታጥብ ጀመር። ወድቆ የተበተነ ቁልፍ እየሰበሰበች ወደ ጣሳው ልትመልስ ስትል እጇ ቆመ።

«ይህ ቀዳዳ የሌለው ቁልፍ ምንድነው?» አለች።

ክኒኖቹን አንድ በአንድ አውጥታ መዳፏ ላይ ደረደረቻቸው። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ ብትጮኽ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር።

«ዓይንህ ቢጠፋ እኔ እመራሃለሁ» አለችኝ። «እሱ አይደለም የሚያስፈራኝ። የሚያስፈራኝ፣ በገዛ እጅህ እንዳጠፋኸው እያወቅህ የምትኖረው ኑሮ ነው።»

ይህን ብላ ለአቶ በራሶ በቡና መኪና ሹፌር መልእክት ላከችላቸው። የታዘዘለትን ክኒን አልውጥም ያለውን ሰውዬ የሚያስውጡት እሳቸው ብቻ ናቸው ብላ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን አቶ በራሶ ደጄ ላይ ነበሩ። መነጽሬን ከፊቴ ላይ በሁለት ጣታቸው አነሱና ኪሳቸው ከተቱት፤ ክንዴንም ያዙ።

ድሬሰር ግርማ ታሪኩን ሁሉ ከሰማ በኋላ መነጽሩን አገላብጦ አየው።

«በዓይንዎ ውስጥ ትንሽ መስተዋት አለች» አለኝ። «ስኳር ሲበዛ መልኳ ይለወጣል፤ ታብጣለች። ስኳሩ ሲወርድ ወደ ልኳ ትመለሳለች። እርስዎ መነጽሩን የገዙት አብጣ ሳለች ነው። ልብስ ሰፊ አይደሉም? አንድ ሰው ሰውነቱ አብጦ ሳለ ልኩን ወስደው ሱሪ ቢሰፉለት፣ እብጠቱ የጎደለ ቀን ሱሪው ምን ይሆናል?»

«ይወልቃል» አልኩት።

«ይኸው ነው። ክኒኑ እየሠራልዎ ነበር። ያቆሙት ሊያድንዎ የመጣውን ነው። ስኳሩ ጥቂት ወር ሳይረጋ መነጽር አይለካም ያልኩዎት ለዚህ ነበር።»

ሐፍረቴን ይዤ ክኒኔን በፊታቸው ዋጥኩ። ድሬሰር ግርማ አፌን አስከፍቶ ምላሴን አስነስቶ አየ፤ አቶ በራሶም ጎንበስ ብለው አዩ።

የዓይን ሐኪሙ በመጣ ቀን የጤና ጣቢያው ግቢ በሰው ተሞልቶ ነበር። አቶ በራሶ ሊመሩኝ ጎህ ሲቀድ ከኮንጋ ተነስተው መጥተዋል፤ ምክንያቱም ሐኪሙ የሚያደርገው ጠብታ የዓይንን ብሌን ከፍቶ ለጥቂት ሰዓት ሰውን እንደሚያደናግር ድሬሰሩ አስቀድሞ ነግሮናል። ሐኪሙ ቀጭን ፈረንጅ ነው። ጠብታውን አድርጎልኝ ከቆየሁ በኋላ ጨለማ ክፍል አስገባኝና በትንሽ መብራት ዓይኔን ይመለከት ጀመር። አፍንጫችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም፤ ከሚስቴ በቀር እንዲህ የቀረበኝ ሰው አላስታውስም። ሐኪሙ ሁለት ቃል ይናገራል፤ ድሬሰር ግርማ ያንን ሁለት ቃል ወስዶ ስብከት ያደርገዋል። በመሀሉ «ማር በዘይት ጣሳ አጠገብ አይቀመጥም» የሚል ሰማሁ፤ ይህንን ፈረንጁ ከየት አምጥቶ እንደተናገረው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው። በሁለቱም ዓይኔ ኋላ፣ ክር የሚያህሉ የደም ሥሮች እዚህም እዚያም አንጠባጥበዋል። ዋናውን የማያ ስፍራ ገና አልነኩም።

«እኔ እኮ አያመኝም» አልኩ።

«አያምዎትም» አለ ድሬሰሩ። «እስኪያምዎት የሚጠብቁ ከሆነ የሚጠብቁት ጨለማውን ነው። ስኳሩን ከያዙት፣ የደም ግፊትዎን ካስለኩ፣ ዓይንዎ ደህና ቢመስልዎም በየዓመቱ እየመጡ ካሳዩ፣ ሊቆይልዎ ይችላል ይላል ሐኪሙ።»

ሊቆይልኝ ይችላል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የዚህን ያህል የጣፈጠኝ ቃል አልሰማሁም፤ ማርም ጨምሬ ነው። በኋላ ላይ፣ ስኳሬ ከረጋ ወዲህ፣ በትክክል የተለካ መነጽር አደረግሁ፤ ክኒኔን እየዋጥኩ፣ ዓይኔንም በየጊዜው እያሳየሁ ይኸው እስካሁን የምሰፋው በገዛ ዓይኔ ነው።

የዚያን ቀን ግን ጉዳዩ አላለቀም። ልንወጣ ስንል ድሬሰር ግርማ ወደ አቶ በራሶ ዞረ።

«እርስዎስ ተመርምረው ያውቃሉ?»

«እኔ የመጣሁት ለመምራት ነው» አሉ አቶ በራሶ፤ ቆባቸውንም አደረጉ።

«እናትዎ ስኳር ነበረባቸው ብለውኛል። በዘር ይሄዳል።»

«ለሌላ ቀን። ቡና የተሰጣው ሜዳ ላይ ነው፤ ዝናብ ይመጣል።»

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ልቤ ላይ ዱብ ያለው። እኔስ ዓይኔ ታሞ ነው ሁለቱን ጨርቅ ያልለየሁት። እሳቸውስ ያንን ሱሪ ጠዋት በገዛ ደጃቸው ለብሰው፣ በፀሐይ ተራምደው፣ ለምን አላዩትም? ለምንስ ፊታቸውን እስከ ጉልበታቸው አስጠጉ? ጠብታው ዓይኔን አፍዞታል፤ ግድግዳ ግድግዳውን ዳበስኩና አግዳሚ ወንበር አግኝቼ ተቀመጥኩ።

«ተነሳ እንሂድ» አሉኝ አቶ በራሶ።

«እርስዎ ካልተመረመሩ አልነሳም። ያለ እርስዎ ደግሞ ቤቴን አላገኘውም። እንግዲህ እዚህ እናድራለን።»

ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ለስላሳ ነበር። «እኔ አውቃለሁ» አሉኝ። «ውሃ እጠጣለሁ። ሁለት ዓመት ሆነ። አንተን ስጠይቅህ፣ ራሴን እየጠየቅሁ ነበር። ካልሄድኩ በሽታው የለም፤ ከሄድኩ አለ።»

እጃቸውን ያዝኩ። «እኔንም እኮ እንዲሁ ነው የያዙኝ» አልኳቸው። «እኔ ሄድኩ፤ ነበረ፤ ይኸው ደግሞ ሊቆይልኝ ነው።»

ተነሱ። ብርጭቆውን ተቀበሉ። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፤ አረንጓዴው ቢጫ ሆነ፤ ለእኔ ቀለሙ በጉም ውስጥ እንዳለ ነበር። ብርቱካን ላይ ሲደርስ ቆመ። «ከጡቡ ይሻላል» አላቸው ድሬሰር ግርማ፤ ክኒን ቆጠረላቸው፤ ሐኪሙም ጓዙን ሳይሰበስብ እግረ መንገዱን ዓይናቸውን ልይ አለ። ጠብታ ተደረገላቸው። ጨለማ ክፍል ገቡ። ሲወጡ በዓይናቸው ኋላ ጥቂት የደም ጠብታ እንዳለባቸው፣ ግን በጊዜ እንደመጡ ተነግሯቸው ነበር። ቀስ ብለው እጄን ፈልገው ያዙ።

ከግቢው ስንወጣ ነው ማንም ያላሰበው ነገር የገባን። መሪም ተመሪም ጠብታ ውስጥ ነን። የዲላ የቀትር ፀሐይ ዓይናችን ውስጥ ገብታ እንደ ነጭ አንሶላ ተዘረጋች።

«አትፍራ፣ እኔ እመራሃለሁ» አሉኝ።

«እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ እኔ ልምራዎት» አልኳቸው።

እየተመራራን ሄድን። ለአንድ አጥር ሰላምታ ሰጠን፤ መልስ ስላልሰጠን ኩሩ ሰው ነው ተባባልን። ሱቄ ነው ብዬ ያስገባኋቸው ቤት ሥጋ ቤት ሆነ፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ስንት ኪሎ ሲለን «ይቅርታ» ብለን ወጣን። አቶ በራሶ ደግሞ በቅሎዬ ናት ብለው የሌላ ሰው በቅሎ ፈተው ሊሰጡኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን አቆመና ከላይ አዘቅዝቆ አየን።

«አባቶቼ፣ ከሁለታችሁ የሚያየው የትኛው ነው?» አለ።

እኔ ወደ አቶ በራሶ ጠቆምኩ። በኋላ ባለ ጋሪው እንደነገረን፣ እሳቸውም በዚያችው ቅጽበት ወደ እኔ ጠቁመው ነበር።

እየሳቀ ጭኖ ቤቴ አደረሰን። አስካለ መስኮቱን ዘግታ፣ ያለ ስኳር ሻይ ሰጥታ፣ ጎን ለጎን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችን። አቶ በራሶ ስለ እናታቸው ጥቂት ነገሩኝ፤ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ የልጆቻቸውን ፊት በጣታቸው እየዳበሱ ይለዩ እንደነበር። እኔም ክኒን በምላሴ ሥር ስለደበቅሁበት ቀን ሁሉ በልቤ አፈርኩ፤ ስለዚያ ሱሪም እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ስፌቴ ቢያምር ኖሮ ሁለታችንም ጠፍተን ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አስካለ መስኮቱን ገርበብ አደረገችው። ክፍሉ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ መጀመሪያ የበሩ ፍሬም፣ ቀጥሎ እንስራው፣ ቀጥሎ አጠገቤ ያለ አንድ ረዥም ፊት፤ ወደ እኔ ዞሮ ትክ ብሎ እያየኝ።

«አየኸኝ?» አሉኝ።

«አየሁዎት።»

«እኔም» አሉ አቶ በራሶ።